የትናንት ስም በመከራ ቀን፦ ለድርጅት ኃላፊዎችና ለሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች የቀረበ መመሪያ

አንድ ድርጅት አደጋ ሲደርስበት፣ ምርቱ ሰው ሲያሳምም ወይም ሠራተኛው በደል ሲፈጽም፣ ሕዝብ ፍርዱን የሚሰጠው በዚያ ዕለት ባየውና በሰማው ብቻ አይደለም፤ ስለዚያ ድርጅት ከብዙ ዘመን ጀምሮ በልቡ ያኖረውን አውጥቶ፣ የአዲሱ ወሬ ገና ያልነገረውን ሁሉ በእርሱ ይሞላዋል። ይህን በሥራው ላይ የዋሉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ዳሩ ግን መከራው በደረሰ ሰዓት አብዛኞቹ ብዕር የሚያነሡት የቀድሞ ስማቸው ምን እንደሚመስል ሳይመረምሩ ስለ ሆነ፣ ክቡር ስም ያለው ድርጅት እንደ ወንጀለኛ በመደበቅ የነበረውን አመኔታ ያባክናል፤ ስሙ የጎደፈው ደግሞ ማንም ምንም እንደማያስታውስበት ሆኖ በመናገር የሕዝቡን ቍጣ ያባብሰዋል።

የነገሩን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየን፣ እኛም በኀዘን የምናስታውሰው የቦይንግ 737 ማክስ ጉዳይ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ያ አየር መንገድ ቀድሞም አደጋዎች የደረሱበት፣ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳይበር ተከልክሎ የቆየ ስለ ነበረ፣ የብዙ ሰው ጥርጣሬ ወደ ጥገና ክፍሉና ወደ አብራሪዎቹ አዘነበለ፤ የቦይንግን የረጅም ዘመን ስም ግን ብዙም የነካው አልነበረም። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ባለ አውሮፕላኑ በሥራው የታወቀና የተመሰገነ ድርጅት ስለ ነበረ፣ ያ ፊተኛው ትርጓሜ እንደ ቀድሞው ሊጸና አልቻለምና የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ አውሮፕላኑ ሠሪ ወደ ቦይንግ ዞረ። በኋላ የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች የአውሮፕላኑን ሥሪትም የጥገናውንም ጕድለት አብረው ጠቅሰዋል፤ የሕዝቡ ፊተኛ ፍርድ ግን የማንንም ምርመራ አልጠበቀም፤ የተፈረደው በስም ነበር።

መልካም ስም ለባለቤቱ የሚያስገኝለት ነገር ጥቂት የመደመጫ ቀናት ነው፤ ክፉ ስም ደግሞ እነዚያኑ ቀናት ያሳጣል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተጻፉት እነዚያ ቀናት ስንት እንደሆኑ አስቀድመው እንዲያውቁና፣ ሲመጡም በከንቱ እንዳያልፉብዎ ነው።

1ኛ. ሕዝብ ስለ እርስዎ የሚያስታውሰውን ይመዝግቡ

ይህ ሥራ የሚሠራው በሰላሙ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም መከራ በደረሰ ዕለት የድርጅቱን ያለፈ ታሪክ አውጥተው የሚያቀርቡት ጋዜጠኞችና ቅር የተሰኙ ደንበኞች ስለሚሆኑ፣ እነርሱ የሚያውቁትን እርስዎ ካላወቁ በገዛ ቤትዎ እንግዳ ይሆናሉ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ አንድ ወፍራም መዝገብ፣ ያለፉት አሥር ዓመታት የአቤቱታ ፋይሎች፣ የቆዩ መግለጫዎችና ቃለ ጉባኤዎች፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾችዎ ሥር ሰዎች የጻፉት ሁሉ፣ በበሩ ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥንም ይበቃሉ። ሣጥኑ ከተሰቀለ ጀምሮ ያልተከፈተ ከሆነ ዛሬውኑ ይከፈት።

መዝገቡን በአምስት ዓምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው የደረሰውን ነገር፣ በሁለተኛው ያን ጊዜ ድርጅቱ የተናገረውን፣ በሦስተኛው የገባውን ቃል፣ በአራተኛው ከቃሉ የፈጸመውን፣ በአምስተኛው ደግሞ ነገሩን እስከ ዛሬ የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ ይጻፉ። ከአምስቱ ዓምዶች በብዙ ድርጅት ባዶ ሆኖ የሚገኘው አራተኛው ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ዋጋ ያለው ነው፤ ሕዝብ ጥፋትን ከማስታወስ ይልቅ ተነግሮ ያልተፈጸመ ቃልን በማስታወስ ይበረታልና።

መዝገቡን ለመሙላት የሥራ አስኪያጆችን ስብሰባ ብቻ አይመኑ። በር ላይ የሚቆመውን ጥበቃ፣ ገንዘብ ተቀባይዋን፣ ዕቃ የሚያከፋፍለውን ሹፌር፣ የደንበኛን ስልክ የምታነሣውን ሠራተኛና በጡረታ የተሰናበቱትን ያስጠይቁ፤ ጠያቂውም ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፤ የበታች ሠራተኛ ለአለቃው የሚነግረው አለቃው ሊሰማ የሚወደውን እንደ ሆነ የታወቀ ነውና።

በዚህ ደረጃ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው መታወቅን ከመታመን ጋር ማምታታት ነው፤ ማስታወቂያው በየአደባባዩ የተሰቀለ ድርጅት ሁሉ የሚታመን አይደለም። ሁለተኛው በሕግ ወይም በክርክር የተዘጋ ጉዳይ ከሰው ትዝታም ወጥቷል ብሎ መገመት ነው። ስሙ መልካም የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንኳ እንዲህ ካለ ጉዳይ ነጻ አልነበረም፤ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ በወደቀው አውሮፕላን 90 ሰዎች ሲሞቱ፣ የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አድርገው፣ አየር መንገዱ ግን ውሳኔውን ሳይቀበለው ቀርቷል። እንዲህ ያለው ጉዳይ፣ እውነቱ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ከመዝገቡ አይቀርም።

2ኛ. የደረሰውን በየወገኑ ይለዩ

በዚህ ትምህርት ስሙ የታወቀው አሜሪካዊው መምህር ቲሞቲ ኩምስ መከራዎችን ሕዝብ በሚጥልባቸው ኃላፊነት መጠን በሦስት ወገን ይከፍላቸዋል። በመጀመሪያው ድርጅቱ ራሱ ተጠቂ የሆነበት ይመደባል፤ የተፈጥሮ መቅሠፍት፣ ሐሰተኛ ወሬ፣ ክፉ ሰው በምርት ላይ የሚያደርሰው ጥፋት እንዲህ ያለው ነው። በሁለተኛው ሳይታሰብ የሚደርስ አደጋ ይመደባል፤ የመሣሪያ ብልሽት ዋናው ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ሊከለከል ሲቻል ያልተከለከለው፣ ወይም ታውቆ የተፈጸመው ጥፋት ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው የመልሱ ክብደት ከኃላፊነቱ ክብደት ጋር እንዲመጣጠን ነው፤ በሐሰት ወሬ የተነካ ድርጅት እውነቱን አስረድቶ ቢያበቃ በቂ ሲሆን፣ ሦስተኛው ወገን ግን ያለ ሙሉ ይቅርታና ያለ ካሣ አያልፍም።

የመጀመሪያው ወገን ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ የደረሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ያልተገኘ ሰው በታይሌኖል መድኃኒት ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ጨምሮ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሠሪው ድርጅት ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ተጠቂ ነበር፤ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብሎ በዚያ አላበቃም፤ 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጥ ከመላው አሜሪካ ሰብስቦ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረና፣ መድኃኒቱን በሦስት እጥፍ አሽጎ ወደ ገበያ መለሰው። ቀድሞ የነበረው መልካም ስም ሕዝቡን እንዲያደምጠው አደረገ፤ ሥራው ደግሞ ያንን ስም አጸናው።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው ስሕተት ግልጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱን በመጀመሪያው ወገን ማስቀመጥ ይወዳል። ስለዚህ ወገኑን የሚወስኑት ሰዎች በአደጋው የሥራ ክፍል ውስጥ የሌሉ ይሁኑ፤ ሁለት ወገን ላይ ቢጠራጠሩም የከበደውን ይምረጡ።

3ኛ. ትናንትንና ዛሬን ጐን ለጐን አድርገው ይመርምሩ

አሁን መዝገቡን ይክፈቱና፣ የዛሬው ነገር ከቀድሞው አንዱን ይመስላል ወይ ብለው ይጠይቁ። የሚመስል ከሆነ፣ በ2ኛው ደረጃ የመረጡት ወገን በሕዝብ ዘንድ አንድ እርከን ከፍ ብሎ እንደሚቈጠር ይወቁ፤ አደጋ የነበረው ቸልተኝነት ይባላል፣ ብልሽት የነበረውም በደል ይባላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ሕዝብ የሁለተኛውን ነገር እውነተኛ መጠን ለመመርመር ትዕግሥት የለውም፤ በዚህም ልንፈርድበት አይገባም፤ ፍርሃቱን የዘራው ፊተኛው ጥፋት ነውና።

ቢፒ የተባለው የነዳጅ ድርጅት ይህን በሙሉ ዋጋው ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቴክሳስ ሲቲ ማጣሪያው ፍንዳታ 15 ሠራተኞች ሞተው ነበር፤ በ2006 በአላስካ ቧንቧው ዘይት አፍስሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የቍፋሮ መድረኩ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሲሞቱና ዘይቱ ለ87 ቀናት ሲፈስ፣ ድርጅቱ በሥራው ውስጥ ሌሎች ተቋራጮች እንደ ነበሩበት ጠቀሰ፤ መድረኩ የትራንስኦሽን፣ የጕድጓዱ ሲሚንቶ ሥራም የሃሊበርተን ስለ ነበረ ነገሩ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ነገር ግን የሚሰማ አልተገኘም። የበላዩ አለቃ ሕይወቴ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ ብለው በተናገሩ ጊዜ ደግሞ፣ ሌላ ሰው ቢናገረው የድካም ቃል ሊባል የሚችለው ንግግር፣ ለሰው ነፍስ ግድ የለሽነት ምስክር ሆኖ ተቈጠረ።

ኩምስና የሥራ ባልደረባው ሼሪ ሆላዴይ በዚህ ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ክፉ ስም የሚያመጣው ጉዳት ጐልቶ ሲታይ፣ መልካም ስም የሚሰጠው ጥበቃ ግን ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መልካም ስም ያላቸው አንባቢዎች ይህን ልብ እንዲሉት እለምናለሁ። ከዚህም የከፋ አደጋ አለባቸው፤ ይኸውም የተመሰገኑበት ነገር ራሱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ነው። ፎልክስዋገን በምሕንድስናው ጥራት የተከበረ፣ ናፍጣ መኪናዎቹም ንጹሕ ናቸው እያለ የሸጠ ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጭስ መጠን ምርመራን የሚያታልል መሣሪያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎቹ ውስጥ መኖሩ ሲገለጥ ያ ሁሉ ክብር ቍጣውን አባባሰው፤ ታማኝ የተባለ ሰው የከዳ እንደ ሆነ ከሌባ ይልቅ ይጠላልና። ስለዚህ ከመዝገቡ በተለየ ገጽ ላይ፣ ሕዝብ በምን እንደሚያመሰግንዎ ይጻፉ፤ ችግሩ በዚያ ነገር ላይ የደረሰ ከሆነ ክፉ ስም እንዳለው ድርጅት ሆነው ይዘጋጁ።

4ኛ. በመጀመሪያው ዕለት በአካል ይገኙ

ሰው የሞተበት መከራ ከሆነ፣ ከሁሉ የሚቀድመው መርዶ ነው። በአገራችን ሥርዓት መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በአጠገብ ሳለ ይነገራል፤ ቤተሰቡ የልጁን ሞት ከቴሌግራም ገጽ ያነበበ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ማናቸውም መግለጫ ቍስሉን አይሽርም። ስለዚህ የሠራተኞችዎና የተሳፋሪዎችዎ ወይም የደንበኞችዎ የቅርብ ዘመድ ስልክ ተመዝግቦ ይቈይ፤ ቋንቋቸውን የሚያውቁ፣ ካህን ወይም ሼኽ አስከትለው የሚሄዱ ሰዎች አስቀድመው ይመደቡ፤ ስም የያዘ መግለጫም ከእነርሱ ቀድሞ አይውጣ።

ቀጥሎ የበላዩ ኃላፊ ወደ ስፍራው ይሂዱ። በበረራ ቍጥር 302 አደጋ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በዚያው ዕለት ወደ ስፍራው ሄደው በስብርባሪው መካከል ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ከድርጅቱ መግለጫ ጋር ለዓለም ተሠራጭቷል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1989 የኤክሶን መርከብ በአላስካ ባሕር ዳርቻ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ዘይት ሲያፈስ፣ የድርጅቱ ሊቀ መንበር ወደ ስፍራው የሄዱት ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ነበር፤ ሕዝብም ይህን ከዘይቱ ጋር አብሮ ያስታውሳል።

እዚህ ላይ ግን ስምዎን ይመዝኑ። መልካም ስም ያለው ኃላፊ በስፍራው ሲታይ ኀዘንተኛ ይባላል፤ ስሙ የጎደፈው ካሜራ አስከትሎ ቢሄድ ለታይታ መጣ ይባላል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ከሆኑ ይሂዱ፤ ካሜራውን ግን ይተዉት፤ የሚወስዱትም ነገር እርዳታ ይሁን።

5ኛ. መግለጫውን እንደ ስምዎ ይጻፉ

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ደረጃ መቈየት ይገባናል፤ ብዙ ስም የጠፋው በጥፋቱ ሳይሆን በመግለጫው ነውና። አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ከሦስት ዓመት በፊት ሽታ ያለው ውኃ ለገበያ አቅርቦ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ የአንድ ቀን ምርቱ እንዲሁ ይሸታል ብለው ደንበኞች አመለከቱ እንበል። በተለመደው መንገድ የሚወጣው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ድርጅታችን ለጥራት ቅድሚያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተከሰተውን ጊዜያዊ ችግር ለመቅረፍ እየሠራን መሆናችንን እየገለጽን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» በዚህ ቃል ውስጥ ውኃ የሚል የለም፤ ሽታ የሚል የለም፤ ጠጪው ምን ያድርግ የሚል የለም፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱንም አንባቢው በልቡ ሲጨምረው መግለጫው ሐሰት ሆኖ ይነበባል።

በምትኩ እንዲህ ይጻፉ፦ «ትናንት ማለዳ የታሸገው ውኃችን ሽታ እንዳለው ደንበኞች ነግረውናል። ከሦስት ዓመት በፊትም እንዲህ ያለ ችግር ደርሶብን፣ ማጣሪያውን እንለውጣለን ብለን ለውጠናል፤ የዛሬው ከዚያ ጋር ይገናኝ እንደ ሆነ ገና አላወቅንም። እስክናውቅ ድረስ የዚያን ቀን ምርት ከየሱቁ እንሰበስባለን። የገዛችሁት ሳትጠጡ ለሻጩ መልሱ፤ ገንዘባችሁ ይመለስላችኋል። ነገ ከቀኑ በአሥር ሰዓት የደረስንበትን እንነግራችኋለን።»

የቀድሞውን ጥፋት በገዛ አፍ መናገር ለብዙ ኃላፊዎች የሚያስፈራ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ የተመራመሩ ሊቃውንት፣ ድርጅቱ ራሱ አስቀድሞ የተናገረው ጥፋት ሌላ ሰው ከገለጠው ጥፋት ያነሰ ቍጣ እንደሚያስነሣ አስተውለዋል፤ በአገራችንም ተአምኖ ከንስሓ እንደሚቀድም፣ ጥፋቱን ያላመነ ሰው በሽማግሌ ፊት እርቅ እንደማያገኝ ሁሉም ያውቃል። የሕግ አማካሪዎ ቃሉ በክስ ላይ ያስጠይቀናል ቢሉ፣ ምክራቸውን በጥንቃቄ ይስሙ፤ ምክንያቱ ሳይጣራ የጥፋተኝነት ውሳኔ በራስዎ ላይ አይስጡ፤ የታወቀውን ያለፈ ነገር መካድ ግን ማንንም አማካሪ አያድንም።

መልካም ስም ያላቸው በዚህ ስፍራ የሚሠሩት ስሕተት ሌላ ነው፤ መግለጫቸውን በሽልማታቸውና በአገልግሎት ዘመናቸው ይጀምራሉ። ስምዎን ሕዝቡ ያስታውሰው እንጂ እርስዎ አያስታውሱት።

6ኛ. ቃሉን ወዲያውኑ በሥራ ያጽኑ

ቦይንግ ከፊተኛው የላየን ኤር አደጋ በኋላ የነበረው ስም ብዙ የመደመጫ ቀናት ሰጥቶት ነበር። በእነዚያ ቀናት ለአብራሪዎች ቀድሞ የነበረውን የአደጋ ጊዜ ሥርዓት የሚያስታውስ ማሳሰቢያ ላከ፤ አውሮፕላኑን አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ሳይጠቀስ መቅረቱ ግን ታወቀበት፤ አውሮፕላኖቹም መብረራቸውን ቀጠሉ። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላኖቹን ከዚያው ዕለት ጀምሮ አቆመ፤ ቻይናና ሌሎች ብዙ አገሮችም ተከተሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ያገደው በሦስተኛው ቀን ነበር። መጋቢት 26 ቀን የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ምርመራ አብራሪዎቹ ሠሪው ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው መፈጸማቸውን ሲገልጥ፣ ጥፋቱን ወደ አብራሪዎች ለማዞር ይነገር የነበረው ሁሉ በተናጋሪዎቹ ላይ ተመለሰ።

እንግዲህ ምርቱን የሚያቆም ውሳኔ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ ቦርዱ እስኪሰበሰብ አይጠበቅ። ስምዎ የጎደፈ ከሆነ ደግሞ ምርመራውን የራስዎ ሰዎች ብቻቸውን አያድርጉት፤ የማያምንዎ ሰው የሚያምነውን መርማሪ ይጥሩ። ማሳበብንም ይጠንቀቁ፤ ተቋራጩ ወይም ሠራተኛው በእርግጥ ያጠፋ ቢሆን እንኳ፣ ያንን መናገር የመርማሪው ድርሻ ነው።

7ኛ. መዝገቡን እንደገና ይክፈቱ

ወሬው ሲበርድ አዲሱን መከራ በአምስቱ ዓምዶች ይጻፉት፤ የገቡትን ቃል የሚፈጽም ሰው በስም ይመደብ፤ ፍጻሜውንም በዓመቱ ለሕዝብ ይግለጡ። ስም በአንድ መልካም ሥራ ለዘላለም አይገዛም፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሰገነው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኋላ ስለ ሕፃናት ፓውደሩ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ክሶች ሲቀርቡበት ያ ምስጋና አላዳነውም። ቦይንግም ከማክስ በኋላ የነበረው የመደመጫ ጊዜ ምን ያህል እንዳጠረ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024 ታይቷል፤ በአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 ላይ የበር መድፈኛው በአየር ላይ ተገንጥሎ ሲወድቅ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በማግሥቱ 171 አውሮፕላኖች እንዲቆሙ ታዘዘ፤ ሦስት ወርም ሳይሞላ የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።